ሁለት እጆቼን ይዤ መርካቶ የሰነበትኩበት ጉዞ

ማክሰኞ

ባለቤቴ ሙሉቀን ቦርሳዬን ከወንበሩ ሥር አስገብቶልኝ ከወረደ በኋላ፣ አውቶቡሱ እስኪነሳ ድረስ ከመስኮቱ ሥር ቆሞ ጠበቀ። እጆቼን ያያል። እኔም አያቸዋለሁ። ዓርብ ከሰዓት አዲስ አበባ ላይ አንድ የታሸገ ፖስታ ይከፈታል፤ ውስጡ «ግራ» ወይም «ቀኝ» የሚል አንድ ቃል አለ። ስድስት ወር ሙሉ ሁለታችንም ያንን ቃል ስናስብ ነው የኖርነው።

ነገሩ ግልጽ እንዲሆን ከመንገዱ በፊት ስለ እጆቼ ልናገር። የውብዳር እባላለሁ፤ ፍኖተ ሰላም ውስጥ ሹሩባ እሠራለሁ። ከአምስት ዓመት በፊት በሁለቱም እጆቼ ጀርባ ላይ ነጫጭ ነጠብጣቦች ወጡ። እየሰፉ፣ እየተገናኙ ሄደው ከጣቶቼ እስከ አንጓዬ ነጭ አደረጉኝ። ለምጽ ነው። አያምም፣ አይጋባም፤ ለቆዳ ቀለም የሚሠሩት ሕዋሶች ሲሞቱ የሚመጣ ነገር ነው። ይህን ዛሬ አውቀዋለሁ እንጂ ያኔ እኔም ደንበኞቼም አናውቅም ነበር። ጭንቅላታቸውን ለእጄ መስጠት ፈሩ። መጀመሪያ «ዛሬ ቸኩያለሁ» ይሉኝ ነበር፤ በኋላ በሌላ መንገድ ዞረው ማለፍ ጀመሩ።

ተክለ ሃይማኖት አካባቢ ያለች አንዲት የቆዳ ክሊኒክ አዲስ ሕክምና እየሞከረች መሆኑን ሰምቼ የሄድኩት ከስድስት ወር በፊት ነው። ዶክተር ሰላማዊት ከማጅራቴ ከፍ ብሎ ካለው ፀጉሬ ጥቂቱን ከነሥሩ ነቅላ ወሰደች። በፀጉር ሥር ስቴም ሴል የሚባል፣ ገና ምን እንደሚሆን ያልወሰነ ሕዋስ እንዳለ ነገረችኝ። እሱን ላብራቶሪ ውስጥ አሳድገው ቀለም ሠሪ ያደርጉታል። ዕድሜዬን ሁሉ ስጎነጉነው የኖርኩት ነገር ሥሩ ላይ የቀለም ዘር መያዙን የሰማሁት ያን ቀን ነው። ከዚያ በየእጄ ጀርባ የክብሪት ቀፎ የምታክል ቦታ መርጠው ላይ ላዩን ፋቁት። በአንደኛው ላይ ሕዋሱን ከነፈሳሹ፣ በሌላኛው ላይ ፈሳሹን ብቻ አድርገው አሸጉት። የቱ እጅ ሕዋሱን እንዳገኘ የተጻፈው ፖስታው ውስጥ ነው። እኔም አላውቅም፣ የምትለካኝ ዶክተርም አታውቅም። «ካወቅን ምኞታችን ዓይናችንን ያታልለዋል» አለችኝ።

በሦስተኛው ወር ግራ እጄ ላይ የቀይ ጤፍ ፍሬ የሚያካክሉ ነጥቦች ታዩ። እየበዙ፣ እየተያያዙ ሄዱ። ቀኙ እንደ ነበረ ነጭ ነው። ታዲያ ምን ያስፈራሻል ትሉኝ ይሆናል። ፖስታው «ቀኝ» ካለ ሕክምናው አልሠራም ማለት ነው። የግራ እጄ ቀለም ከፀሐይ ወይም ከራሱ የመጣ፣ ነገ ተመልሶ የሚሄድ ነገር ይሆናል። ለቀኝ እጄም፣ ከእኔ በኋላ ለሚመጣውም ሰው ተስፋ አይኖርም።

ወደ መንገዱ ልመለስ። አንድ ሰውዬ ከጎኔ ሊቀመጥ ሲል ዓይኑ እጄ ላይ አረፈና ወደ ኋላ ሄደ። ለምጄዋለሁ። ትንሽ ቆይተው አንዲት ሻሽ ላይ ሻሽ የደረቡ፣ ደልደል ያሉ ሴት መጥተው ክፍቱ ቦታ ላይ ዘፍ አሉ።

«ሰውዬው ምን ሆኖ ነው ወንበር ጥሎ የሄደው?» አሉኝ።

«እጄን አይቶ ነው» አልኩ።

እጄን ገልበጥ አድርገው አዩት። «እኔ ደግሞ ወንበሩ የተሰበረ መስሎኝ እየተጠነቀቅሁ ነው የተቀመጥኩት» አሉና ቦርሳቸውን ጭናቸው ላይ አደላደሉ።

እትዬ ዘይነባ ይባላሉ። ቤተሰቦቻቸው ከወሎ ናቸው፣ እሳቸው ግን ተወልደው ያደጉት መርካቶ፣ አንዋር መስጊድ ሰፈር ነው። ቅመም ይነግዳሉ። የኛን አገር በርበሬ ሊገዙ መጥተው፣ ጆንያውን በጭነት መኪና አስቀድመው ልከው፣ ናሙናውን በከረጢት ይዘው መመለሳቸው ነበር።

ደጀን ላይ ለምሳ ወረድን። ቧንቧው ጋ ሰው እስኪጨርስ ቆሜ መታጠብ ልማዴ ነው። እትዬ ዘይነባ ጆጉን አንስተው «ነይ ላስታጥብሽ» አሉኝና እዚያ ሁሉ ሰው ፊት እጆቼ ላይ ውኃ አፈሰሱ። እሳቸው እስላም፣ እኔ ክርስቲያን ነንና ሥጋው እንዳያለያየን ሽሮ አዘዝን። አንድ ትሪ መጣልን። ከቤተሰቤ ውጪ ከሰው ጋር በአንድ ትሪ ከበላሁ ስንት ጊዜዬ እንደሆነ እዚያው ቁጭ ብዬ ላስታውስ ሞከርኩ፤ አቃተኝ።

የዓባይን በረሃ ወርደን፣ በሙቀቱ ልብሳችን ጀርባችን ላይ ተጣብቆ፣ ወደ ጎሐ ጽዮን ወጣን። ገብረ ጉራቻ ሳንደርስ ጎማ ፈነዳ። ሰው ሲራኮት አንዱ የእትዬ ዘይነባን ከረጢት ረገጠውና ተቀደደ። ነፋስ ነበር። ሹፌሩ ክሪኩን እንደያዘ እንባው ይወርዳል፤ ስድሳ ሰው መንገድ ዳር ቆሞ ያስነጥሳል። የጠዋቱ ሰውዬም ዓይኑን እያሸ ነበር። እትዬ ዘይነባ ኮስተር ብለው «የገዛሁት በርበሬ ጥሩ መሆኑን አሁን አረጋገጥኩ» ሲሉ የተቆጣውም ሳቀ።

አውቶቡስ ተራ የገባነው አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ነው። መርካቶን ላላየ ሰው እንዲህ ልበል፦ የኛ የቅዳሜ ገበያ ቀኑ ሲመሽ ይበተናል፤ ይህ ግን በየቀኑ ቅዳሜ ነው። ፍራሽ በጭንቅላቱ የተሸከመ «ገለል» ይላል፣ ቆርቆሮ የተሸከመ «ገለል» ይላል፣ ለማን ገለል እንደሚባል አይታወቅም። በስልክ የያዝኩት አልጋ ቤት እዚያው አቅራቢያ ነበር። እትዬ ዘይነባ «ገብተሽ እስካይ» ብለው በር ላይ ቆሙ። እንግዳ ተቀባይዋ መታወቂያዬን ስትቀበል እጄን አየች። መታወቂያውን በጣቷ ጫፍ ገፍታ መለሰችልኝና «ይቅርታ፣ አልጋው ተይዟል» አለች።

ስወጣ እትዬ ዘይነባ ቦርሳዬን ከእጄ ወስደው «ልጄ ካገባች ወዲህ ክፍሏ ባዶ ነው» አሉና ፊት ፊት ሄዱ።

ባለቤታቸው ጋሽ ሰይድ በር ላይ ተቀበሉን። የጨርቅ ሱቅ ለልጆቻቸው አስረክበው ዛሬ ቤት የሚውሉ፣ ቀጭን፣ ቃል የሚቆጥቡ ሰው ናቸው። የመጣሁበትን ጉዳይ እትዬ ዘይነባ ሲነግሯቸው ሰምተው ጨረሱና «ፀሐይ ታገኛለች፣ በመስኮቱ በኩል ያለውን አልጋ ስጫት» አሉ። በዚያው ደክሞኝ ተኛሁ።

ረቡዕ

ጠዋት ስነሳ እትዬ ዘይነባ ድንች ቀቅለው፣ ስልጆ አቅርበው ጠበቁኝ። «ረቡዕ ነው፣ ትጾሚያለሽ ብዬ ድስቱን አዲስ አወጣሁልሽ፤ ቅቤ ነክቶት አያውቅም» አሉኝ። እኛ አገር ጎረቤቴ ስንቴ ዳቦ ከእጄ አልቀበልም ብላኛለች። እዚህ ትናንት ያወቁኝ ሴት የኔን ጾም ያስታውሳሉ።

ክሊኒኩ በእግር ሩቅ አይደለም፤ ዝናብ ስለጣለ ግን ታክሲ ያዝኩ። አራት ሰው በሚቀመጥበት አምስት ተቀምጠን፣ አንዱ ሲወርድ ሌላው ሲወጣ፣ ተክለ ሃይማኖት ስንደርስ ተገፍቼ ወረድኩ። ዣንጥላዬን ይዣለሁ፣ ቦርሳዬን ይዣለሁ። ሰማያዊ ፋይሌ የለም።

ፋይሉ ውስጥ ደብተሬ ነበር። በየሳምንቱ ግልጽ ፕላስቲክ እጄ ላይ አስቀምጬ የነጩን ዳርና የቡናማውን ነጥብ በእስክሪብቶ እየተከተልኩ ሥያለሁ፤ ከሥሩ ያየሁትን ጽፌያለሁ። ሃያ ስድስት ሳምንት። ታክሲውን ሮጬ ልደርስበት ሞከርኩ፤ ዝናብ ውስጥ ሁሉም ታክሲ አንድ ዓይነት ነው።

ክሊኒኩ መጠባበቂያ ውስጥ ጋሽ ተፈራን አገኘኋቸው። መርካቶ ውስጥ ሱሪ የሚሰፉ፣ ስልሳ ዓመት ያለፋቸው ልብስ ሰፊ ናቸው፤ እኔ በገባሁበት ሙከራ ውስጥ ካሉት ጥቂት ሰዎች አንዱ። ባለፈው ጊዜ አብረን ነበር የታከምነው። ሁለት እጆቻቸውን ዘርግተው አሳዩኝ። ሁለቱም ነጭ ናቸው፤ በአንደኛው ዳር ላይ ብቻ ሁለት ሦስት ነጥብ አለ።

«ያንቺን አሳዪኝ» አሉኝ። ግራዬን ሲያዩ መነጽራቸውን ከፍ አድርገው ቀረቡ። «ይሄማ ጠቆረ እኮ፤ ደህና አድርጎ ጠቆረ» አሉ። እንባዬ መጣ። በእሳቸው ፊት መደሰት አሳፈረኝ።

ዶክተር ሰላማዊት ጨለማ ክፍል አስገብታ በሐምራዊ መብራት አየችኝ። በዚያ መብራት ቀኝ እጄ እንደ ኖራ ያበራል፤ ግራዬ ላይ ያቺ አራት ማዕዘን ጠቁራ ትታያለች። ለካች፣ ፎቶ አነሳች፣ ጻፈች፤ ፊቷ ላይ ግን ምንም አላነበብኩም። ከዚያ «ደብተሩስ?» አለች። ነገርኳት።

ወንበሯን ወደ እኔ አዞረች። «የውብዳር፣ የዛሬውን ልኬት አለኝ። ቀለሙ መቼ እንደጀመረና ከየት ተነስቶ እንደተስፋፋ የሚናገረው ግን ያንቺ ደብተር ብቻ ነው። መንገድ ተዘግቶብሽ የቀረሽበት ቀጠሮ አለ፤ ያንን የሚሞላልኝ ሌላ ነገር የለኝም።»

«ባላገኘውስ?»

«ውጤትሽ ይቆጠራል፤ ግን ጎዶሎ ይሆናል። ጎዶሎ ውጤት ደግሞ ለሚጠራጠር ሰው በር ይከፍታል።» ብዕሯን አስቀመጠች። «ፖስታው ዓርብ ስምንት ሰዓት ይከፈታል። እስከዚያ ፈልጊው።»

ሐሙስ

ጋሽ ሰይድ ባርኔጣቸውን አድርገው በር ላይ ቆመው አገኘኋቸው። «እርስዎ አይድከሙ» ብላቸው «መርካቶ ዕቃ አይጠፋም፣ ቦታ ይቀይራል እንጂ» አሉኝ። ስለ ራሴ ከተማ እንዲህ ማለት እችል እንደሆነ እንጃ። እኛ ጋ ሰው ሁሉ ይተዋወቃል፤ ቢሆንም የጠፋብኝን ዕቃ ፍለጋ ጠዋት የሚነሳልኝ ሰው መጥራት ይከብደኛል።

ከአንዱ የታክሲ ሰልፍ ወደ ሌላው ሄድን። አንዱ ረዳት ወደ አብነት ላከን፣ አንዱ ወደ ጭድ ተራ። ጋሽ ሰይድ በየደረስንበት ቆም ብለው፣ ሰላምታ ሰጥተው፣ የቤተሰብ ደህንነት ጠይቀው፣ ከዚያ ነው ስለ ፋይሉ የሚያነሱት። እኔ በችኮላ እቃጠላለሁ። ሦስት ሰዓት ያህል ዞርን። ጫማዬ ውኃ ገብቶበታል። አንድ ቦታ አረፍ ብለን ሳንቡሳ ሲገዙልኝ «ጋሽ ሰይድ፣ ይቅርብን» አልኳቸው። ሳንቡሳቸውን ጨርሰው ተነሱ።

ወደ ተክለ ሃይማኖት ተመልሰን አንድ ተራ አስከባሪ ጋ ደረስን። ቢጫ ሰደርያ የለበሰ፣ ድምፁ የጎረነነ፣ አርባ ዓመት የሚሆነው ሰው ነው። ጋሽ ሰይድ ሰላምታውን ሳይጨርሱ ዓይኑ እጄ ላይ አረፈ። ሰው እጄን ሲያይ የሚመጣውን ፊት አውቀዋለሁ፤ ያ ፊት ግን አልመጣም። ይልቅ ሰውዬው ፈገግ አለ።

«አንቺ ነሽ እንዴ? ባለ ደብተሯ?»

«አዎ» አልኩ። እሱም ከትኬት መቁረጫ ሣጥኑ ውስጥ ሰማያዊውን ፋይል አውጥቶ፣ እኔን ከመስጠቱ በፊት ወደ ኋላው ዞሮ «ሰዎች፣ መጣች» አለ። ሦስት ሾፌሮችና አንዲት ማስቲካና ሶፍት የምትሸጥ ሴት ተሰበሰቡ።

«ትናንት አንዱ ረዳት ወንበር ላይ አግኝቶ አመጣው፤ አድራሻ ፍለጋ ነበር የከፈትነው» አለኝ። «አድራሻ የለውም። እስኪ ቀጥሎ ይኖር ይሆናል እያልኩ አንብቤ ጨረስኩት። አሥራ ሁለተኛው ሳምንት ላይ 'ጤፍ የመሰለ ነገር አየሁ፣ ለሙሉቀን አልነገርኩትም፣ ነገም ካለ እነግረዋለሁ' ያልሽበት ጋ ስደርስ ለእነዚህ ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው።»

«በማግሥቱ ነገርሽው?» አለች ማስቲካ ሻጯ።

«ነገርኩት» አልኩ።

«ምን አለ?»

«እጄን ይዞ ደጅ አወጣኝ፣ በፀሐይ አየው።»

ሴትየዋ ራሷን ነቀነቀች። አንደኛው ሾፌር «እሺ አሁን እጁ የታለ?» አለ። ግራ እጄን ዘረጋሁ። አምስት የማላውቃቸው ሰዎች ታክሲ ሰልፍ መሀል ጭንቅላታቸውን አቀርቅረው እጄን አዩ። አንዱ በጣቱ ነካው። የተሰለፈው ሰው «ኧረ ታክሲው ቆመ» ብሎ ተቆጣ፤ ተራ አስከባሪው «ቆይ፣ ሥራ ላይ ነን» አለው።

ምን ላድርግልህ ስለው «ፖስታው ምን እንዳለ መጥተሽ ንገሪን» አለኝ። ሰዎቹ ተከራክረው ኖሯል፤ ሁለቱ ግራ ነው ይላሉ፣ አንደኛው ሾፌር ደግሞ ፀሐይ ነው ባይ ነው።

ጋሽ ሰይድ ወደ ቤት ስንመለስ አንዲት ቃል ብቻ ተናገሩ፤ «አየሽ» አሉኝ።

ዓርብ

ስምንት ሰዓት ለመድረስ ሰባት ሰዓት ላይ ልነሳ አስቤ ነበር። አንዋር መስጊድ አጠገብ ዓርብ ቀን እንዲህ ያለ ዕቅድ እንደማይሠራ እትዬ ዘይነባ ሊነግሩኝ ረስተዋል። የቅመም ሱቃቸው ውስጥ ቆሜ ሳለ መንገዱ በሰው ሞላ። መጀመሪያ አስፋልቱ፣ ከዚያ የእግረኛው መንገድ፣ ከዚያ እስከ ሱቃችን ደፍ ድረስ ምንጣፍና ካርቶን ተነጠፈ። እኛ አገር ይህን ያህል ሰው የማየው በዓመት አንዴ፣ ጥምቀት ላይ ነው። ያ ሁሉ «ገለል» የሚል ሸክምና የታክሲ ጥሪ በአንድ ጊዜ ዝም አለ። በሺህ የሚቆጠር ሰው አብሮ ሲሰግድ የልብሱ ድምፅ ብቻ ይሰማል። ሰዓቴን አየሁ፤ ከዚያ ማየቱን ተውኩ። ፋይሌን ደረቴ ላይ አቅፌ በራሴ እምነት እኔም ጸለይኩ።

ሲያልቅ ሕዝቡ በአንድ ጊዜ ተነሳ። በግፊያው መሀል የአንድ እግሬ ጫማ ተበጠሰ። ጋሽ ሰይድ ከሰልፋቸው መጥተው ሁኔታዬን ሲያዩ ከሱቁ ሲባጎ ቆርጠው፣ መንገድ ላይ በርከክ ብለው ጫማዬን እግሬ ላይ አሰሩልኝ። ሽማግሌ ሰው እግሬ ሥር ተንበርክከው ሳይ «ይተዉ ጋሼ» አልኳቸው። «ዝም በይ፣ ረፍዷል» አሉ።

ስምንት ከሃያ ላይ ጫማዬን በሲባጎ ጠፍሬ ክሊኒኩ ገባሁ። ጋሽ ተፈራ ቀድመው ተቀምጠዋል። ዶክተር ሰላማዊት ደብተሬን ተቀብላ ገጽ በገጽ ገለጠችው። አሥራ ሁለተኛው ሳምንት ላይ ቆመች፤ ፕላስቲኩን ወደ መስኮቱ አንስታ አየችው። «ከመሀል ነው የጀመረው» አለች ለራሷ። በኋላ ስታስረዳኝ፣ ቀለም በራሱ ሲመለስ ብዙ ጊዜ ከዳር ወይም በቆዳው ላይ ካሉት ፀጉሮች ዙሪያ ነው የሚነሳው፤ የኔ ግን ፀጉር ከሌለበት ከመሀል፣ ሕዋሱ ከተዘራበት ቦታ ነበር የተነሳው። ደብተሩ ባይገኝ ይህ አይታወቅም ነበር።

ከዚያ ፖስታዎቹ መጡ። ይዞ የመጣው ከእሷ ጋር የማይሠራ፣ እኛን አክሞ የማያውቅ ሌላ ሐኪም ነው። መጀመሪያ የጋሽ ተፈራን ከፈተ። «ቀኝ» አለ። የእሳቸው ቀኝ እጅ ዳር ላይ ነጥብ ያለበት ነው። ሕዋሱን አግኝቷል፤ ግን ብዙም አልያዘም ማለት ነው። ጋሽ ተፈራ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አሳረፉ።

ቀጥሎ የኔን አነሳ። ወረቀቱ ሲቀደድ የሰማሁት ድምፅ ዛሬም ይሰማኛል። ሐኪሙ አነበበና ወረቀቱን ወደ እኛ አዞረው።

«ግራ።»

መጀመሪያ የተንቀሳቀሰችው ዶክተር ሰላማዊት ናት። ስድስት ወር ሙሉ ፊቷ ላይ ምንም ያላነበብኩት ሴት ከጠረጴዛው ዞራ መጥታ ግራ እጄን በሁለት እጇ ያዘች። ዓይኗ እንባ ሞልቶ ነበር። እኔ ግን ሳቅሁ። ለምን እንደሳቅሁ አላውቅም፤ ብቻ ሳቁ አልቆም አለኝ።

ጋሽ ተፈራ ተነስተው ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ። «እንኳን ደስ ያለሽ ልጄ» አሉ፤ ከልባቸው ነበር። ከዚያ ወደ ዶክተሯ ዞረው «የኔም እኩል ይጻፍልኝ» አሏት። «አልያዘም ተብሎ እንዳይዘለል። እኔ ላይ ለምን እንደሰነፈ ካላወቃችሁ ሌላውን ሽማግሌ እንዴት ታክሙታላችሁ?»

«በትልቁ ነው የምጽፈው ጋሼ» አለቻቸው። ለሚቀጥለው ዙር መጀመሪያ የምትጠራቸው እሳቸውን እንደሆነ ነገረቻቸው። ቀኝ እጄም እንዲታከም እዚያው ፈረምኩ። ገና ሙከራ ነው፣ ቀለሙ ይዘልቅ እንደሆነ ለዓመታት መከታተል አለብን፣ ሁሉም ሰው ላይ እኩል አይሠራም፤ ይህን ሁሉ ደግማ ደጋግማ ነገረችኝ። ሰምቻታለሁ። ደስታዬን ግን አልቀነሰውም።

ለሙሉቀን ስደውል ስልኩን በመጀመሪያው ጥሪ አነሳ። «ግራ» አልኩት። ሌላ ቃል አላስፈለገንም። ስመለስ ታክሲ ሰልፉ ጋ ቆምኩ። ተራ አስከባሪው ከሩቅ አይቶኝ ግራ እጁን ወደ ላይ አነሳ፤ እኔም ግራዬን አነሳሁ። ፀሐይ ነው ሲል የነበረው ሾፌር ጥሩምባውን አስጮኸ።

ቅዳሜ

እትዬ ዘይነባ ቁርስ ላይ ሻሻቸውን ፈትተው ፊቴ ባለው በርጩማ ላይ ተቀመጡ። «እስኪ ሙያሽን እንየው» አሉኝ።

«ቀኝ እጄ ገና ነጭ ነው» አልኩ።

«ነጩ እስኪያልቅ ልጠብቅ እንዴ? ፀጉሬ ይሸብታል።»

ፀጉራቸው ረጅምና ወፍራም ነው። ስከፍለው ጣቶቼ መጀመሪያ ተሳሳቱ፤ ብዙ ጊዜ ሥራ ፈትተው ነበርና። ከዚያ ራሳቸው አስታወሱ። ግማሹን ሳልጨርስ አንዲት ጎረቤታቸው ብቅ አለች፤ ጉንጉኑን በጣቷ ዳስሳ «ከእርስዎ ቀጥሎ እኔ ነኝ» አለች። እሷ ሌላዋን ጠራች። እስከ ከሰዓት ድረስ ስድስት ሴት ሠራሁ። ግቢ ውስጥ በሳቅና በወሬ መሀል፣ አንዱ ነጭ፣ አንዱ ቡናማ አራት ማዕዘን ያለበት እጆቼ በስድስት ሴት ፀጉር ውስጥ ሲመላለሱ ዋሉ። ሙያዬን የጠየቀ እንጂ እጄን የጠየቀ አልነበረም። አጠገባቸው ያለችው አንዲት ጎረቤት ብቻ በመስኮቷ አየችንና መጋረጃዋን ዘጋች። ሁሉም አልተለወጠም። እትዬ ዘይነባ አይተው «ትምጣ አትምጣ የሷ ፀጉር ነው» አሉ።

ማታ ጋሽ ተፈራ አንድ ጥቅል ይዘው መጡ። ለሙሉቀን የሰፉት ሱሪ ነው። ቁመቱን እንዴት እንዳወቁ ስጠይቃቸው «ስታወሪ እጅሽን ከፍ አድርገሽ ታሳዪ የለ፣ ባለቤቴ ይህን ያክላል እያልሽ» አሉኝ።

እሑድ

ሊነጋጋ ሲል እትዬ ዘይነባና ጋሽ ሰይድ እስከ አውቶቡስ ተራ ሸኙኝ። ቅመም በየዓይነቱ ቋጥረው ሰጡኝ፤ ይህ ከረጢት እንዳይቀደድ ሁለት ጊዜ ታሽጓል። ስስናበት እትዬ ዘይነባ «ለቀኙ ስትመጪ አልጋ ቤት ደውለሽ እንዳታሳፍሪኝ» አሉ።

መንገዱ ሰላም ነበር። ሱሉልታን፣ ፍቼን፣ ጎሐ ጽዮንን አልፈን ዓባይን ተሻገርን። ስመጣ ያላየሁትን ሁሉ አየሁ፤ ስመጣ እጆቼን ነበር የማየው። መናኸሪያው ጋ ሙሉቀን ቆሞ ነበር። ሰው ሁሉ እያየ ግራ እጄን ይዞ እስከ ቤት ሄድን።

ከተመለስኩ በሦስተኛው ቀን አንድ ወጣት መምህር ቤቴ መጣ። አፉንና አፍንጫውን በማስክ ሸፍኗል። ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ብዙ ጊዜ ስለ ሌላ ነገር አወራ፤ ስለ ትምህርት ቤቱ፣ ስለ ተማሪዎቹ። ከዚያ ድንገት ማስኩን አወረደ። በከንፈሩ ዙሪያ እስከ አገጩ ነጭ ነው። ለሁለት ዓመት ክፍል ውስጥ ማስኩን አውልቆ አያውቅም።

«አዲስ አበባ ታክመሽ መጣሽ ይባላል» አለኝ።

ሁሉንም ነገርኩት። ሙከራ መሆኑን፣ አንድ ጥሩ ሽማግሌ ላይ እንዳልያዘ፣ እኔ ላይ እንደያዘ፣ ምንም ሳይደበቅ። ግራ እጄንና ቀኝ እጄን አጠገብ ለአጠገብ አድርጌ አሳየሁት። ብዙ ጊዜ አያቸው። ከዚያ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀኝ።

«አውቶቡሱ ስንት ሰዓት ነው የሚነሳው?»

«ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት» አልኩት። «ቀድመህ ድረስና በመስኮት በኩል ያለውን ወንበር ያዝ። ማስኩን ቤት ትተኸው ሂድ፤ ዓባይ በረሃ ይሞቅሃል።»